ወደ ሐረር እንዴት ይመጣ ነበር? ስለ ሐረርና ድሬዳዋ የጉዞ ታሪክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሬ ልጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ ዘመድ ወዳጅ በመጣ ቁጥር ሐረር ይዞ መውጣት የኔ ሥራ ነው፤ ደሞዝ የለውም። መኪናው የደንገጎን ዳገት ሲጀምር ጥያቄውም ይጀምራል። ዓመት በዓመት ያው ጥያቄ ነው። ጉሮሮዬን ላሳርፍ ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቱ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ሐረርን መጀመሪያ የጎበኘው ሰው ማን ነው?

አስጎብኚዎቹን ብትጠይቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን። በ1847 ዓ.ም. ታኅሳስ መጨረሻ ገባ፣ አሥር ቀን ቆየ፣ ወጣ፣ መጽሐፍ ጻፈ። ከእሱ በፊት ሐረር ገብቶ እንደወጣ የሚታወቅ አውሮፓዊ የለም። እስከዚህ ልክ ናቸው።

“የመጀመሪያው ጎብኚ” ሲሉት ግን ሳቄ ይመጣል። ሐረር እኮ ያኔ ትልቅ የንግድ ከተማ ነበረች። የራሷ ገንዘብ ነበራት። ዐረቡ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው ይገባል፣ ይወጣል። ኪታብ ሊቀራ ከሩቅ አገር የሚመጣ ደረሳም ነበር። በሩ የተዘጋው ለክርስቲያን አውሮፓዊ ነው። ክርስቲያን የገባባት ቀን ከተማዋ ትወድቃለች የሚል ትንቢት ይወራ እንደነበር በርተን ራሱ ጽፏል።

አገባቡ ግን ሊነገር የሚገባው ነው። ከዘይላ ወደብ ሲነሣ ዐረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። ሐረር ሲቃረብ መልኩን ያዩ ሰዎች ቱርክ ነው ብለው ጠረጠሩት። ቱርክ መባል ደግሞ እንግሊዝ ከመባል የባሰ አደገኛ ሆነበት። ስለዚህ ወሬውን ገለበጠው። ኤደን ካለው የእንግሊዝ ሹም ለአሚሩ ደብዳቤ ይዤ መጥቻለሁ አለ። ደብዳቤውን የጻፈው ራሱ ነው! አሚር አህመድ ተቀበሉት፣ ማረፊያም ሰጡት። በርተን ግን አሥሩን ቀን ሙሉ ሲያሰላስል የነበረው እንዴት እንደሚወጣ ነው። እንግዳ ይሁን እስረኛ ለራሱም አልለየለትም።

ባቡርም መኪናም ሳይኖር ሰው እንዴት ይመጣ ነበር?

ከዘይላ በግመል። ቆላውን በግመል አቋርጦ ጊልዴሳ ሲደርስ ጭነቱ ይራገፋል። ከዚያ ወደ ላይ ያለውን ተራራ የሚወጡት አህያና በቅሎ ናቸው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሲመጣ የሶማሌን በረሃ በፈረስ ለማቋረጥ 20 ቀን እንደፈጀበት ለቤተሰቡ ጽፏል። በርተን ከአንድ ወር በላይ ነው የፈጀበት።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ አባን የሚባለው ሰው ነው። በሶማሌ ምድር የሚያልፍ እንግዳ አባን ሳይዝ አይንቀሳቀስም። አባን ማለት ዋስ ነው። መንገድ ይመራል፣ ቋንቋ ይፈታል፣ ገበያ ላይ ዋጋ ይቆርጣል። እንግዳውን የነካ እሱን እንደነካ ይቆጠራል። በእንግዳው ግዢና ሽያጭ ላይ ደግሞ የራሱ ድርሻ አለው። ፈረስ መጋላ፣ የሐረር አደባባይ ላይ የያዛችሁት አስጎብኚ ስፌት የምትሸጠዋ ሴትዮ ቤት ሦስት ጊዜ ሲያዞራችሁ አትናደዱ። ነገሩ የቆየ ነው።

ከተማው ከደረሱ በኋላም መቸኮል ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ አምስቱ በሮች ይዘጋሉ። ቁልፉ አሚሩ ዘንድ ያድራል። የመሸበት ነጋዴ ከግንቡ ውጭ ከጅብ ጋር ያድራታል።

ራምቦ ቤት ውስጥ እውነት ራምቦ ኖሮበታል?

አልኖረበትም። ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ይኼን ቤት ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም ራምቦ ሐረርን ለቆ ከሄደ በኋላ እንደሆነ ነው የሚታመነው። ቢሆንም ሂዱ። በቀለም የተዋቡት መስኮቶቹና የድሮ ሐረር ፎቶዎቹ ብቻ የመግቢያውን ዋጋ ያወጣሉ።

ሰውየው ራሱ ቡና ለሚገዛ የፈረንሳይ ንግድ ቤት ነበር የሚሠራው። ግጥም ትቶ፣ ሚዛንና ቆዳ ይዞ። በ1883 ዓ.ም. እግሩ አብጦ መራመድ ሲያቅተው በቃሬዛ ተሸክመው ዘይላ አደረሱት። በ1884 ዓ.ም. ኅዳር መጀመሪያ ማርሴይ ላይ ሞተ፣ በ37 ዓመቱ። ዛሬ ፈረንሳይ የሆነ ሁሉ ሐረር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ለንግድ የመጣ ሰው ከሞተ በኋላ ለከተማዋ እንግዳ ጠሪ ሆነላት፤ ይኼን ማን ይገምታል?

ባቡሩ ለምን ሐረር አልወጣም?

ይኼ የኔ ተወዳጅ ጥያቄ ነው፤ ድሬ የተወለደችው እዚህ ላይ ነዋ።

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሌዎን ሸፍኔ የባቡር ውል ሰጡ። የመጀመሪያው ሐሳብ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር መግባት ነበር። ግን ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ ሐረር ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ደንገጎን በመኪና የወጣ ሰው ይገባዋል። ለባቡር ያን ተራራ መቁረጥ ብር ይፈልጋል፣ ኩባንያው ደግሞ ብር አልነበረውም። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በቆላው መጣ። በ1895 ዓ.ም. ታኅሳስ የደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። እዚያ የተቆረቆረችውን ከተማ መጀመሪያ “አዲስ ሐረር” ነበር ያሏት። ስሙ አልያዘም፤ ድሬዳዋ አሸነፈ።

ከዚያ ሥራው ቆመ። ገንዘብ አለቀ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በመስመሩ ላይ ተጨቃጨቁ። ለዓመታት የሐዲዱ መጨረሻ ድሬ ነበረች። አዲስ አበባ የሚሄድ ዲፕሎማትም ነጋዴም አዳኝም እዚህ ይወርዳል፣ በቅሎ ይገዛል ወይም ይከራያል፣ ስንቅ ይሸምታል፣ ለሳምንታት ጉዞ ይነሣል። ከዚራ በሚባለው የድሬ ሰፈር ያሉት ሰፋፊ ጥላ ያላቸው መንገዶች፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ ሁሉ የመጣው በዚህ ሰበብ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ሆነ።

አንዳንድ ሐረሬ ወዳጆቼ ባቡሩ ስላልወጣ ዛሬም ይቆጫቸዋል። እኔ ግን ለጀጎል፣ በግንብ ለታጠረችው ለአሮጌዋ ሐረር፣ በጀ እላለሁ። ባቡር ጣቢያ፣ መጋዘንና የሠራተኛ ሰፈር እታች ድሬ ላይ ወደቁ። ግንቡ ግንብ ሆኖ ቀረ።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ በባቡር ስንት ቀን ይፈጅ ነበር?

መጀመሪያ አካባቢ ሦስት ቀን። ባቡሩ ማታ አይሄድም። አንድ ሌሊት ድሬ ይታደራል፣ አንዱ ሌሊት አዋሽ። የድሬ ሆቴል ሥራ የጀመረው እንግዲህ በዚህ ነው። ማንም ድሬን ልጎብኝ ብሎ አልመጣም፤ መሸበትና አደረ። በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የመጡት የውጭ ልዑካንና ጋዜጠኞችም በዚሁ መስመር ነው ያለፉት። በኋላ ሊቶሪና የሚባለው ፈጣን ባቡር መጣና ጉዞው አጠረ።

በባቡሩ ዘመን የደረስን ሰዎች መቼም አንረሳውም። በየጣቢያው መስኮት ሥር የሚሸጠው የተቀቀለ እንቁላል፣ ብርቱካን፣ የግመል ወተት። ኮንትሮባንድ ከስንት ቀሚስ ሥር እንደሚወጣማ አታንሡት!

ፈረንጁ ይሁን፤ አገሬው መቼ ነው ለበዓል መጓዝ የጀመረው?

ሁልጊዜ ይጓዝ ነበር። “ቱሪስት” ስለማይባል ነው የማንቆጥረው። የእኛ ሰው ያለ ጉዳይ ከቤቱ አይወጣም። ስለት አለበት፣ ወይ ዚያራ፣ ወይ ጠበል፣ ወይ ለቅሶ። መዝናናቱ የሚመጣው ከጉዳዩ ጋር ተጠቅልሎ ነው።

ሐረርን “መዲነተል አውሊያ” ይሏታል፣ የአውሊያዎች (የእስልምና ቅዱሳን ሰዎች) ከተማ። ከአባድር ጀምሮ በግንቡ ውስጥና ውጭ የተቀበሩት አውሊያዎች ዘንድ ሰው ለዘመናት ሲመጣ ኖሯል። ሐሙስ ማታ አባድር ሄዳችሁ ዚክሩንና ከበሮውን ብትሰሙ ይገባችኋል።

በክርስቲያኑ በኩል ኩሉቢ አለላችሁ። ራስ መኮንን ለአድዋ ዘመቻ ሲሄዱ ለገብርኤል ተስለው፣ ድል አድርገው ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ ይባላል። አሁን የምናየው ትልቁ ሕንፃ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥራ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይነግሣል፣ ታኅሳስ 19 እና ሐምሌ 19። የታኅሳሱ ይብሳል። ከአዲስ አበባ፣ ከጅቡቲ፣ ከውጭ አገር ሳይቀር ሰው ይጎርፋል። ድንጋይ በጀርባው ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ አለ። ጃንጥላ፣ ሻማ፣ ወርቅ፣ በግ ይዞ የሚመጣም አለ። ገብርኤል የሙስሊሙንም ስለት ይሰማል ስለሚባል የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይልካሉ።

አክስቴ ዓመት አይቀርባትም ነበር። ልጅ እያለሁ ይዛኝ ትሄዳለች። ከጸሎቱ ይልቅ የማስታውሰው መንገዱን ነው፦ የጭነት መኪናው ላይ እንደ ሰርዲን ታጭቀን፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ ከኋላ አንዱ እያስመለሰው። ኩሉቢ አንድ ቀን፣ ከዚያ በኋላ “ሐረር ደርሰን እንመለስ” ተብሎ ሁለት ቀን። የሐረር ሐላዋ ተገዝቶ፣ ለጎረቤት ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። አክስቴን “ለመዝናናት ሄድሽ ወይ?” ብትሏት ትቆጣ ነበር። ግን ዓመቱን ሙሉ የምታወራው ስለዚያች ጉዞ ነበር።

ለኩሉቢ ስመጣ አልጋ መቼ ልያዝ?

ቀደም ብላችሁ። በጣም ቀደም ብላችሁ። በታኅሳስ ሁለተኛ አጋማሽ ድሬም ሐረርም ክፍል አይገኝም፤ ከተገኘም ዋጋው ጣራ ነክቷል። አንድ ዓመት ቀብድ ከፍዬ የያዝኩትን ክፍል ስደርስ ለሌላ ሰጥተውት አገኘሁ። የሆቴሉን ስም ልተወው። እንግዶቼን ይዤ ዘመድ ቤት መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፍን። ደረሰኝ ያዙ፣ በዋዜማው ደግሞ ደውሉ።

ጅብ ማብላቱ የጥንት ባህል ነው ወይስ ለቱሪስት የመጣ?

ሁለት ነገር ነው፤ ሰው ይቀላቅለዋል።

የጥንቱ ዓሹራ ነው። በሙሐረም 10ኛው ቀን ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ለጅቦቹ ይቀርብላቸዋል። በድሮ ረኀብ ጊዜ ከጅብ ጋር የተደረገ ስምምነት ነው ይላል አፈ ታሪኩ። ጅቦቹ ጠግበው ከበሉ ዘመኑ ጥጋብ ነው፤ ከተዉት ያሳስባል። ግንቡ ላይም “ወራባ ኑዱል”፣ የጅብ ቀዳዳ የሚባሉ ክፍተቶች አሉ። ጅቡ በሌሊት በዚያ ገብቶ የተጣለውን አጥንትና ቆሻሻ ያጸዳል። ጂኒም ይበላል ይባላል። በዚህ ምክንያት ሐረር ውስጥ ጅብን በድንጋይ የሚያባርር ብዙ አታዩም።

ማታ ማታ በመኪና መብራት ሥጋ በእንጨት ተይዞ በአፍ የሚሰጥበት ትርኢት ግን ገና የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ነው። ከከብቱ እንዲርቅለት ብሎ ሥጋ መስጠት የጀመረ ገበሬ ነበር ይባላል። ሰው ሊያይ መጣ፣ የመጣው ብር ሰጠ፣ ሥራ ሆነ። ከአባት ወደ ልጅም ተላለፈ። ታዲያ ይኼ ያሳፍራል እንዴ? በሌላው ዓለም አንበሳ በሰርከስ ይገረፋል። የእኛዎቹ ጅቦች በስማቸው ተጠርተው፣ በልተው፣ ወደ ጫካቸው ይመለሳሉ። ቅር የሚለኝ የሞባይል ፍላሹ ብቻ ነው። አጥፉት።

መንግሥት ቱሪዝም ብሎ የጀመረው መቼ ነው?

በ1950ዎቹ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ድርጅትን አቋቋመ። “የ13 ወር ጸጋ” የሚለውም የእሱ ነው። ጳጉሜን ለፈረንጅ መሸጥ ቀላል ብልሃት እንዳይመስላችሁ!

ግን የዚያን ጊዜው ትኩረት ሰሜን ነበር፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ጣና። ምሥራቁ የተረፈው ድርሻ ነው የደረሰው። ጣሊያኖች እንኳ በወረራቸው ጊዜ በ1930 ዓ.ም. ባሳተሙት የምሥራቅ አፍሪካ የጉዞ መመሪያ ውስጥ ሐረርን አልዘለሏትም።

ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ድሬ ራሷ የጦር ሜዳ ነበረች፤ እስከ 1970 ዓ.ም. ጥር ድረስ ጠላት የሐረር አፋፍ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በደርግ ጊዜ የውጭ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ከከተማ ከተማ አይንቀሳቀስም። አልጋዎቹ ባዶ ሆኑ።

ዩኔስኮ መመዝገቡ ምን ለወጠ?

ጀጎል የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። መዝገቡ በግንቡ ክልል 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ሥፍራዎች ይቆጥራል። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፤ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እኔ ያየሁት ለውጥ ከቁጥሩ ይልቅ በቤቶቹ ላይ ነው። ድሮ የሐረሪ ቤት ውስጡን ለማየት ሰው ማወቅ ነበረባችሁ። አሁን በራቸውን ለእንግዳ የከፈቱ፣ አልጋ የሚያከራዩ ቤተሰቦች አሉ። “ጌይ ጋር” በሚሉት በሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ መተኛት ሌላ ነገር ነው። ቀይ መደቦቹ፣ ነደባ ይሏቸዋል፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ናቸው። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፤ ዝም ብላችሁ ከፍተኛው ላይ እንዳትወጡ። ጠዋት ከቡና ቅጠል የሚፈላ ኩቲ ይሰጧችኋል። ወተት ጨምሩበት።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ሹዋሊድ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ። ከረመዳን ፍቺ በኋላ ስድስቱ የሸዋል ቀናት ይጾማሉ፣ ከዚያ በዓሉ ነው። ውጭ የሚኖረው ሐረሪ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ድሮ ወጣቶቹ የሚተጫጩበት በዓል ነበር። አሁንም ዓይን ለዓይን መተያየቱ አልቀረም፣ አቦ!

አሮጌው ባቡር ዛሬ ይሄዳል?

አዲስ አበባ የሚወስደው ቆሟል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2010 ዓ.ም. ሰው ማጓጓዝ ጀመረ። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ ለባጃጅ ወይም ለታክሲ ጊዜ ያዙ። ከዚራ ያለውን አሮጌ ጣቢያና የጥገና ወርክሾፑን የሚያሳያችሁ ካገኛችሁ ግን እንዳያመልጣችሁ። የቆሙት ፉርጎዎች፣ የፈረንሳይኛ ጽሑፎቹ፣ ጡረታ የወጡ ሠራተኞች ትዝታ። ለኔ ከማንኛውም ሙዚየም ይበልጣል።

ድሬዎች ራሳቸው ለእረፍት የት ይሄዳሉ?

ብርድ ፍለጋ ወደ ላይ ነዋ! ግንቦት ላይ ድሬ ስትግል ደንገጎን ያለፈ ሰው ሹራብ ይፈልጋል። ሐረር የምንሄደው ነፋስ ልንቀበል፣ ቢራዋን ልንጠጣ፣ ማኪና ግርግር ልብስ ልናሰፋ ነው። ቦታው ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት ማሽኖቹ ድምፅ ነው። ሐረማያ ሐይቅ ዳርም ሽርሽር ይኬድ ነበር። ሐይቁ ደርቆ አስለቅሶን ነበር፣ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሷል። ወገቡን ያመመው ደግሞ ኤረር ፍልውሃ ይወርዳል።

እናንተም ብትሆኑ ድሬን ዝም ብላችሁ እንዳታልፏት። ቀትር ላይ ግን ከተማው ተኝቷል፤ ሱቅ አትፈልጉ። ማታ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ውጡ።

በየትኛው በር ልግባ?

ከድሬ የሚመጣ ሁሉ በመኪና በሐረር በር ይገባል። ሰፊ ነው፣ ለመኪና የተከፈተ ነው፣ ወደ ፈረስ መጋላም ቀጥ ያደርጋል። አሮጌዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች ከተገኙ በእነሱ ግቡ።

ስትወጡ ግን በእግራችሁ በኤረር በር ውጡ። በርተን የገባው በዚያ ነው ይባላል። ጠዋት ከሆነ ጫትና እንጨት የተሸከሙ የኦሮሞ እናቶች በሩን ሞልተውታል፣ አህዮቹም ከፊታችሁ ይመጣሉ። መንገድ ልቀቁላቸው፤ ሸክም አለባቸው።